ርሃብና ዝናብ የመረጡት ምግብ ቤት

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልሽ ከደሴ ነው። መምህር ነኝ፤ ባለቤቴም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለልጆቻችን የገባነውን የአዲስ አበባ ጉዞ ዘንድሮ ልንፈጽም ነው። ማክሰኞ ነሐሴ 12 ገብተን እሑድ ነሐሴ 17 እንመለሳለን። ስድስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጄ እና የ4 ዓመቱ ማሙሽ። አምስት ኪሎ አካባቢ ፔንሲዮን ይዘናል። ማብሰያ የለውም። ብሔራዊ ሙዚየምን፣ አንድነት ፓርክንና የዓድዋ ድል መታሰቢያን ልናሳያቸው አስበናል። የሚያስጨንቀኝ ምግቡ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስንመጣ አንድ ቤት ገብተን ምሳ በላን። ሜኑው ላይ አይተን የደመርነውና የመጣልን ሂሳብ አልተገናኘም። ባለቤቴ ሰው ፊት መከራከር አይወድም፤ ዝም ብሎ ከፈለ። የቀሩትን ሁለት ቀናት በሻይና በዳቦ አለፍናቸው። አሁን ደግሞ ፍልሰታ ነው። አማቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ እሳቸው እያዩን መብላት ይከብደኛል። ማሙሽ ከፓስታ ሌላ አይነካም። የባለቤቴ ወንድም እዚያው ይኖራል፤ ‹እኔ እያለሁ ውጭ አትበሏትም› ብሎናል። ኑሮው ግን እንደኛው ነው። ሳንራብም ሳናፍርም እንዴት እንሰንብት?»

እህቴ፣ አንድ ምሳ ሁለት ቀን ሙሉ አስጾማችሁ ማለት ነው። ያውም ጾም ባልሆነ ቀን። ይኼ እንዳይደገም አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ ነው የሚመጣው።

መሀል አዲስ አበባ ላይ ተመጣጣኝ ምግብ ቤት ጠፍቶ አይደለም። ሰው ኪሱ የሚራቆተው ርቦት ሲፈልግ ነው። ልጅ እያለቀሰ፣ እግር ዝሎ፣ በዚያ ላይ የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ፣ የምትገቢበትን ቤት አንቺ አትመርጪም። ዝናቡ ይመርጥልሻል። ዝናብ ደግሞ ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ ምሳ የምትበሉበትን ቤት ጠዋት፣ ሆዳችሁ ሳይጮህ ምረጪ። ከመረጥሽ በኋላም በየቀኑ ሌላ ቤት አትሞክሪ። አንዱን ቤት ይዘሽ ሦስት ቀን ደንበኛ ሁኚበት።

የት? አራት ኪሎ። አጋጣሚው ጥሩ ነው፣ የምታይዋቸው ቦታዎች በሙሉ ዙሪያውን ናቸው። ሙዚየሙ ከፔንሲዮናችሁ አጠገብ አምስት ኪሎ ነው። ከዚያ ቁልቁል ስትወርዱ አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ ጋ ትደርሳላችሁ። ከሐውልቱ ትንሽ አለፍ ብሎ ቅድስት ሥላሴ፣ ከዚያ ወረድ ሲል ቤተ መንግሥቱና አንድነት ፓርክ። ወደ ፒያሳ ብትታጠፉ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጋችሁ የዓድዋ መታሰቢያ ጋ ትወጣላችሁ። መሀሉ ላይ አንድ ምግብ ቤት ከያዛችሁ ከየትም ብትመጡ ሩቅ አይሆንም።

ፒያሳን ግን ያኔ እንዳየሻት አትጠብቂያት። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል። ካዛንቺስም በ2017 ብዙው ሰፈር ተነስቷል። ዘመድ «እዚያ ጋ እኮ አሪፍ ሽሮ ቤት አለ» ካለሽ መጀመሪያ «መቼ ነው የበላህበት?» በይው። ሰው የልጅነት ምግብ ቤቱን አድራሻ ነው የሚሰጥሽ። ቦታው ላይ ስትደርሺ የብስክሌት መንገድና አበባ ታገኛለሽ። በረሃብ ቀን አበባ ምን ይሠራል?

ቤቱን እንዴት ትመርጫለሽ? እኔ መጀመሪያ የማየው ተመጋቢውን ነው። አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ የቢሮ ሠራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ የታክሲ ሾፌሮች አንድ ቤት ውስጥ አብረው ከበሉ እዚያ ግቢ። እነሱ በየቀኑ ነው የሚበሉት፤ የተጎዱበት ቤት አይመለሱም። ሁለተኛ፣ በር ላይ በእጅ የተጻፈ የዕለቱ ምግብ ዝርዝር ከነዋጋው ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ሦስተኛ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ አንድ መታጠፊያ ግቢ። አስፋልት ዳር ያለው ቤት የሚከፍለው ኪራይ መጨረሻ ላይ አንቺ ትሪ ላይ ነው የሚያርፈው። «ግቡ፣ ግቡ» እያለ በር ላይ የሚጎትት ሰው ያለበትን ቤት እኔ አልፈዋለሁ። የኔ ጥላቻ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አማትሽ ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ችግር ያነሳሻቸው እሳቸው መፍትሔው ናቸው።

በፍልሰታ ቅዳሴው ከሰዓት ነው የሚያልቀው። አማትሽ አዲስ አበባ ገብተው ሥላሴን ሳያስቀድሱ ይመለሳሉ ብለሽ ነው? እሳቸው ሥላሴ ግቢ ገብተው ያስቀድሱ፤ ትልቋ ልጅሽም ከፈለገች አብራቸው ትሁን። ፍልሰታ የልጆችም ጾም አይደል። እናንተ ሙዚየም ውስጥ ድንቅነሽን ስታዩ እሳቸው ቅዳሴ ላይ ናቸው። ማንም ማንንም እያየ አይበላም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸበላቸውን ጠጥተው ሲወጡ በር ላይ ትገናኛላችሁ፣ አብራችሁ ወደ ማዕድ። ትልቁ ምግባችሁ ይኼ ይሁን፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ስድስታችሁም ባንድ ገበታ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የመንግሥት ሠራተኛ ምሳ የሚወጣው 6፡30 ነው፣ 7፡30 ይመለሳል። ዓርብ ደግሞ 5፡30 ይወጣል። በያይነቱ ጠዋት ተሠርቶ የሚቀመጥ ወጥ ነው፤ የቢሮው ሰው ይጠርገዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ሆናችሁ ስትገቡ አስተናጋጇ እጇን እያደራረቀች «በያይነቱ አልቋል፣ ሽሮ ብቻ ነው ያለው» ትላለች። ለዚህ ነው ጠዋት ሂጂ ያልኩሽ። ወደ ሙዚየም ከመሄዳችሁ በፊት ጎራ በይና ባለምግብ ቤቷን አነጋግሪ። «እናቴ፣ ከደሴ ነው የመጣነው፣ አማቴ ሥላሴ እያስቀደሱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ስድስት ሰው እንመጣለን፤ ሁለት በያይነቱ ታስቀምጪልናለሽ?» በያት። ጾመኛ እናት ጠቅሰሽ እንቢ የምትል ባለምግብ ቤት አራት ኪሎ ላይ እስካሁን አላጋጠመችኝም። በሁለተኛው ቀን ሳትጠይቂያት እንጀራ ትጨምራለች። በሦስተኛው ቀን ማሙሽን በስሙ ትጠራዋለች። ደንበኛ መሆን ማለት ይኼ ነው፤ በገንዘብ ሲተመን ቀላል አይደለም።

ለስድስታችሁ ምን ታዣለሽ? ስድስት ሳህን አይደለም። ሁለት በያይነቱ፣ አንድ ተጋቢኖ፣ አንድ ፓስታ በአትክልት። ተጋቢኖው እየተንተከተከ ከነሸክላው ሲመጣ መሀል ይቀመጥ። በያይነቱ ላይ የማይበቃው ወጡ ነው፣ ተጋቢኖው ያንን ይሸፍናል። ፓስታው ለማሙሽ ነው፤ «ስጎው የጾም ነው?» ብለሽ ጠይቂ፣ ቃሪያም እንዳይገባበት ንገሪ። አይጨርሰውም። የተረፈውን ታላቅ ወንድሙ በእንጀራ ይጠቀልለዋል። ፓስታ በእንጀራ ያልበላ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ የደሴም እንዲሁ ይመስለኛል። ጥሬ ሰላጣውን ለትንሹ አታብዢበት፤ በመንገድ ላይ ሆድ ካመመው የቆጠብሽው በሙሉ ክሊኒክ ይገባል።

ለስላሳ መጠጥ ላይ ጨክኚ። ስድስት ጠርሙስ ለስላሳ ከአንድ በያይነቱ የሚበልጥበት ቤት ብዙ ነው። ልጆቹ ጁስ ካማራቸው አንድ ስፕሪስ አዝዘሽ «ለሁለት ብርጭቆ አድርጊልን» በይ፤ የተለመደ ነው፣ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም። ውኃ ከሱቅ ትልቁን ሃይላንድ ገዝታችሁ በመንገድ ጠጡ። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ከውጭ የመጣ መጠጥ የማያስገቡ አሉ፣ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጆቹ በምን ይቆያሉ? ጠዋት አንድ ፉል ለሁለት ልጅ፣ ከትኩስ ዳቦና ሻይ ጋር። ጾም ስለሆነ ያለ እንቁላልና ያለ እርጎ ይመጣል፣ በዚያው ልክ ዋጋውም ይቀንሳል። ስድስት ሰዓት አካባቢ ሙዝና ዳቦ ቆሎ። ዳቦ ቆሎውን ከአዲስ አበባ አትግዢ! አማትሽ በደስታ ነው የሚሠሩት። አንድነት ፓርክ የምትገቡበት ቀን በተለይ ልጆቹን አብልታችሁ ግቡ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሰዓቱ ሳታውቁት ይሄዳል። መዝናኛ ቦታ ውስጥ ሆኖ የራበው ልጅ ዓይኑ የሚያርፈው አይስክሬም ላይ ብቻ ነው።

አሁን ያ ሂሳብ። ባለቤትሽ የከፈለው ምናልባት ስህተት አልነበረም፤ ማንም ያልነገራችሁ ሂሳብ ነው። ቫት 15 በመቶ ነው። አንዳንድ ቤቶች ደግሞ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምራሉ። ሜኑው ላይ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» ይላል፣ ሰው አያየውም። 2,000 ብር የደመርሽው ምሳ ሰርቪስ ሲጨመርበት 2,200 ይሆናል። በዚያ ላይ ቫቱ 330 ነው። 2,530 ብር ይመጣል ማለት ነው። 530 ብር ከየት መጣ ብለሽ ትሪውን ብታዪ አታገኚውም።

እኔም ተሸውጄበታለሁ። አክስቴ ከደብረ ማርቆስ ስትመጣ ደህና ቤት ላስገባት ብዬ ወሰድኳት። ገና ሳናዝዝ አስተናጋጁ ትንሽ ዳቦ፣ ዳጣና አዋዜ በትናንሽ ሳህን፣ ሁለት ውኃ ደግሞ ከፍቶ አስቀመጠ። «እንዴት ያለ መስተንግዶ ነው!» አለች አክስቴ። እኔም ኮራሁ። ሂሳቡ ሲመጣ ዳቦውም፣ ዳጣውም፣ አዋዜውም፣ ሳንጠይቅ የመጣው ተጨማሪ እንጀራም በየስማቸው ተጽፈዋል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አክስቴ ግን ማንበብ የምትችል ሴት ናት፣ ቀድማ አይታዋለች። ታክሲ ውስጥ «ነገ ቤት ሽሮ እንሠራለን» አለችኝ በቀስታ። ከዚያ ወዲህ ያላዘዝኩት ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ «ይኼ ሂሳብ አለው?» እላለሁ። አለው ካለኝ «እንግዲያው ውሰደው፣ እግዜር ይስጥልኝ»።

ባለቤትሽ መከራከር ስለማይወድ ክርክር የማያስፈልግበትን ሰዓት ምረጡ። ከበላችሁ በኋላ ነው ክርክር የሚሆነው። ከመቀመጣችሁ በፊት ግን ጥያቄ ብቻ ነው። «ዋጋው ቫት አለው? ተጨማሪ እንጀራ ይቆጠራል?» ሁለት ጥያቄ፣ ግማሽ ደቂቃ። እሱ ካፈረ አንቺ ጠይቂ። መምህር ነሽ፣ ቀኑን ሙሉ ስትጠይቂ ነው የምትውዪው። ስትከፍሉ ደግሞ የማሽን ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በቴሌብር ብትከፍሉም እንኳ። ደረሰኝ የሚቆርጥ ቤት ቁጥር አያበላሽም።

የወንድምየው ነገር ከምግብ ቤቱ ይከብዳል። «እኔ እያለሁ» የሚለው ከልቡ ነው። ግን ስድስት ሰው አንድ ጊዜ ምግብ ቤት ቢያስገባ የወሩን ቀለብ ነው የሚያወጣው። እናንተ እንክፈል ብትሉ ይቀየማል። ሂሳቡን ሁለት ወንድማማቾች ከሁለት ወገን ይዘው ሲጓተቱ፣ አስተናጋጇ መሀል ቆማ ስትስቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። በመጨረሻ የሚከፍለው ብዙ ያለው አይደለም፣ ይበልጥ ያፈረው ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ከደሴ ደውሉ። ባለቤትሽ ሳይሆን እናቱ ይደውሉለት። «ልጄ፣ ረቡዕ ለቡሄ ቤትህ ቡና ልንጠጣ እንመጣለን፤ ምግብ እንዳታስቸግራት፣ ጾመኛ ነኝ» ይበሉት። በእናት አፍ የተወሰነ ነገር አይሻርም። እናንተ ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሆነ ያህል ማር ካገኛችሁም። እሱ ክብሩ ተጠበቀ፣ ሚስቱም ተነፈሰች፣ ልጆቹም ከአጎታቸው ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ጨፈሩ። ወንድ ልጅሽ ሙልሙል ይዞ ነው የሚመለሰው። የዚያን ቀን እራት እሱው ነው።

ቅዳሜ ነሐሴ 16 ጾሙ ይፈታል። ሌላውን ቀን በያይነቱ ስትበሉ የቆጠባችሁትን ለዚህ ቀን አስቀምጡት፣ እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ሥጋ ቤት ግቡ። ቀትር ላይ የአዲስ አበባ ሰው በሙሉ ሥጋ ቤት ነው፤ እናንተ ሦስትና አራት ሰዓት ላይ ሂዱ። ሥጋው በኪሎ ነው የሚሸጠው። የቁርጥና የጥብስ ዋጋ የሚለያይበት ቤት አለ፣ ጠይቁ። ሚዛኑ ፊት ለፊታችሁ ይመዘን። ባለቤትሽ ይቁምበት፣ መናገር አያስፈልገውም፣ መቆሙ ይበቃል። መጥበሻና እንጀራ በዋጋው ውስጥ መሆኑንም አረጋግጡ። አንድ ኪሎ ጥብስ ከበቂ እንጀራ ጋር ለናንተ ይበቃል። ከአጥንቱም ጨመር እንዲያደርግ ንገሩት፣ ልጆች መጋጥ ይወዳሉ። አማትሽ ዓሥራ አምስት ቀን ሙሉ ጾመው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለማን እንደሚያጎርሱ አውቃለሁ። ማሙሽ ከፓስታ ሌላ አይነካም ያልሺውን ያን ጊዜ ታዪዋለሽ።

አንድ የቀረኝ፣ እሑድ። የደሴ አውቶቡስ ገና ሳይነጋ ነው የሚነሳው። በዚያ ሰዓት ቁርስ ቤት አይከፈትም፤ መንገድ ላይ አውቶቡሱ የሚቆምበትን ቤት ደግሞ የሚመርጠው ሾፌሩ ነው። ዳቦ ቆሎ ይዛችሁበት የመጣችሁት አገልግል እስከዚያ ባዶ ይሆናል። ቅዳሜ ማታ ለደንበኛሽ ስጪያትና ድርቆሽ ፍርፍር ሞልታ ታስርልሽ። በርበሬውን ለልጆቹ ቀነስ እንድታደርግ ንገሪያት።